የእርስ በርስ ዝውውር

እህቴና እኔ የምንበላለጠው በአንድ ዓመት ነው። ትምህርት ቤት የገባነው ግን በአንድ ቀን ስለነበር ኮተቤ መምህርነት ተምረን የተመረቅነውም አብረን ነው፤ ሁለታችንም በጂኦግራፊ። ያኔ እኛ የተመደብነው በዕጣ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ተሰለፍን፤ አንድ አስተማሪያችን የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያሉበት ካርቶን ይዞ ከፊታችን ቆመ። እህቴ ከእኔ ፊት ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ዞር አለችና «ታላቅ ትቅደም» ብላ ገፋ አድርጋ አሳለፈችኝ። እጄን ከተትኩ፤ አዲስ አበባ። እሷ ቀጥላ እጇን ከተተች፤ ከቦንጋ አልፎ ያለ፣ ጂኦግራፊ የተማርን ሁለት እህትማማቾች ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ትንሽ ከተማ።

ያን ቀን ዕድለኛ ነሽ ያላለኝ ሰው የለም። እኔም አመንኩ። ከኮተቤ ወደ መገናኛ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አቅፌ አጽናናኋት። ሰው ማጽናናት ደስ ይላል፣ በተለይ የሚያስለቅሰው ዕጣ የራስ ካልሆነ። ማታውኑ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ታላቅ ትቅደም ባትል ኖሮ አዲስ አበባ የእሷ ነበረች። ያን ጊዜ ይህ የሚያስፈራ ሐሳብ ነበር። በኋላ ግን ደጋግሜ ሳስበው የሚያበሳጨኝ ሆነ።

እኔ ኮተቤ መንገድ ላይ ካለ ትምህርት ቤት ስደርስ አምስት የጂኦግራፊ መምህራን ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ክፍለ ጊዜውን ለስድስት ስንካፈለው ለእኔ የደረሰኝ እጅ የሚያስታጥብ አልነበረም። መምህራን ማረፊያው ውስጥ ወንበር ለመያዝ ማልዶ መምጣት ያስፈልግ ነበር። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ለመሆን ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ያሉት አንዳቸውም እንኳ የመድከም ምልክት አያሳዩም፤ እንዲያውም ዓመት በዓመት ወጣት እየሆኑ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ የሄደችበት ትምህርት ቤት ግን ጂኦግራፊ የተማረች እሷ ብቻ ነበረች። ታሪክንም ሰጧት፣ ሥነ ዜጋንም ሰጧት፤ ሌላ ሰው የለም። ሌላ ሰው ስለሌለም ብዙ ሳትቆይ ርእሰ መምህርት አደረጓት። «እኔን እኮ ርእሰ መምህርት አደረጉኝ፣ ይታይሻል?» ብላ እየሳቀች ስትደውልልኝ የማረፊያ ክፍላችን መስኮት ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ወንበር አላገኘሁም።

ቀናሁ። ሌላ ስም ብሰጠው ደስ ባለኝ፣ ግን ቅናት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ማር፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ትመጣና ታወራለች። ግቢዋ ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ። መንገድ ላይ ያገኟት ተማሪዎች ሮጠው ቦርሳዋን ይቀበሏታል። በገበያ ቀን ሰው መንገድ ይለቅላታል። እኔን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጋፉኝ የራሴ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ገፍቶኝ ከገባ በኋላ ነው ዞር ብሎ «ቲቸር፣ ደህና ዋልሽ» የሚለኝ። እህቴ ስትናገር ግን አላቋርጣትም። አቮካዶው ስንት ያፈራል፣ ቤቱ ስንት ክፍል ነው፣ ጠረጴዛሽ መሳቢያ አለው ወይ እያልኩ እጠይቃታለሁ። ቁስል እየነካኩ እንደመቀመጥ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እናታችን ነበረች። ቤታችን ጉራራ ነው፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ ወርደው ሽቅብ ወጥተው፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈ እማ የቀረናት እኛ ነን። ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። ክኒኗን የምሰጣት፣ ጉልበቷን የማሸው፣ በሰንበት ደግፌ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ስሟ የሚነሳው ግን «በረሃ የወደቀችው ልጄ» ነበረች።

«እማ፣ በረሃ አይደለም እኮ። ደን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል» እላታለሁ።

«ያው ነው» ትለኛለች።

ቁም ሳጥኑ ላይ ከነላስቲክ ቦርሳው የተቀመጠ፣ የነብር ሥዕል ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አለን። የሚወርደው እህቴ ስትመጣ ብቻ ነው። እሷ አልጋ ላይ ከነነብሯ ትተኛለች፣ እኔ ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጥፋለሁ። እንጦጦ ሥር የክረምት ብርድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እማ ሳትወደኝ ቀርታ አይደለም፤ ለመናፈቅ ዕድል አልሰጠኋትም፣ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ።

ያለፈው ዓመት ክረምት እህቴ ማሩን አስቀምጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እኔ በቃኝ» አለች። ጠረጴዛዋም፣ አቮካዶዋም በቅቷታል። ታማ የሚጠይቃት የለም፤ ዘመድ የለ፣ ወሬ የምትካፈለው እኩያ የለ። በየዓመቱ ዝውውር ስትጠይቅ ኖራለች፤ ወደ አዲስ አበባ መምጣት የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ ክፍት ቦታ የለም ነው። የቀራት የእርስ በርስ ዝውውር ብቻ ነው፤ ትምህርቱም ደረጃውም እኩል የሆነ ሰው ከዚህ ይሄዳል፣ እሷ በቦታው ትመጣለች። መምህራን በሚቀያየሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋ ነበር። የመለሱላት ሳቅ ብቻ ነው።

እማ ደጃፉ ላይ እግሮቿን ዘርግታ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ አትሄጂላትም?» አለችኝ፤ ሱቅ ሄደሽ ጨው ግዢ እንደምትለኝ።

«እኔ?»

«አዎ። ትምህርታችሁ አንድ፣ ደመወዛችሁ አንድ። እሷ ትምጣ፣ አንቺ ሂጂ።»

«እኔ ከሄድኩ ክኒንሽን ማን ይሰጥሻል?»

«እሷ ትሰጠኛለቻ። ደግሞ አንቺ መቼ እዚህ ኖርሽ? ወሬሽ ሁሉ እዚያ ነው።»

እህቴ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ታያለች። እኔ በደስታ መዝለል ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓመት በዓይኔ ስበላው የኖርኩት ወንበር ይኸው ተሰጠኝ። ግን እማ ትንሽ እንኳ አላመነታችም። አንድ ጊዜ ብታመነታ፣ እሷ ከሄደች ምን ልሆን ነው ብላ አንድ ጊዜ ብትተነፍስ እምቢ እል ነበር ብዬ አስባለሁ። እልህ ያዘኝና «እሺ» አልኩ።

የዝውውር ቅጹን ሞልቼ ሳስገባ የትምህርት ቢሮው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ አየውና መለሰልኝ። «እህቴ፣ ቦታውን አገላብጠሽ ነው የሞላሽው። ከክልል ወደ አዲስ አበባ ነው የሚባለው» አለኝ፣ ስቆ። አልተገላበጠም አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከኋላዬ ከየክልሉ የመጡ መምህራን ተሰልፈዋል። አንዷ ስወጣ በር ላይ ተከትላኝ ክንዴን ይዛ «ከእህትሽ ጋር ካልተስማማችሁ እኔን አስቢኝ፣ እባክሽ» አለችኝና ስልክ ቁጥሯን አስያዘችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ፈራሁ።

ሄድኩ። አቮካዶው አለ፣ እውነት ነው። ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ የርእሰ መምህርነት ወንበር በእርስ በርስ ዝውውር አይተላለፍም። የሚቀያየረው የመምህርነቱ ቦታ ነው። ወንበሩን እኔ ሳልደርስ ምክትሏ ወስዶታል። ለእኔ የደረሱኝ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ሥነ ዜጋ ናቸው፤ ያልተያዘ ክፍለ ጊዜ ስፈልግ ላገኝ አልቻልኩም። ልጆቹ ሮጠው ቦርሳዬን ይቀበሉኛል፣ ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን «እሷ መቼ ነው የምትመለሰው?» ይሉኛል። ገበያ ውስጥ መንገድ ይለቁልኛል፣ «የርእሰ መምህርቷ እህት ናት» እየተባባሉ። ትታው የሄደችው ከተማ ውስጥ እንኳ ቀናሁባት።

የሚያጽናናኝ ስልክ ነበር። እህቴ የእኔን ቦታ ይዛ ስድስተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ሆናለች፣ «አምስቱም አሉ፣ ወንበርም የለም» ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አንድ ቀን ደግሞ ድምጿ ከረር ብሎ «እማ ጎረቤት በመጣ ቁጥር የምታወራው ስለ አንቺ ነው። በረሃ የወደቀችው ልጄ፣ በረሃ የወደቀችው ልጄ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ማፈር ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ደስታዬ ማፈሪያ ቦታ አልተወልኝም። የዚያን ቀን ሦስቱንም ትምህርት በፈገግታ አስተማርኩ።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት መጣሁ። ከፈረንሳይ ወርጄ ማሩን ተሸክሜ ጉራራን ስወጣ ትንፋሼ ቢቆራረጥም ስለ ድካሙ አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ አቀባበሌ ነበር። እማ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ከስተሻል አለች፣ ጠቁረሻል አለች። ከዚያ ለእህቴ «ያን ብርድ ልብስ አውርጂው» አለቻት።

እህቴ በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደችው። ከላስቲኩ አውጥታ አልጋው ላይ ስታነጥፈው ቀና ብላ አላየችኝም። ከንፈሯን ግን ነከስ አድርጋ ነበር፤ አነካከሱን አውቀዋለሁ፣ የእኔ ነው። ነብሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ የብል መድኃኒት ይሸታል።

የእማ የክኒን ሰዓት ደረሰ። ሳላስበው ተነሥቼ እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ። ክኒኑ የለም፤ ቦታው ተቀይሯል። እህቴ ከእማ ትራስ አጠገብ ካለች ቆርቆሮ አወጣች። እማ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ፊቷን ሳታዞር መዳፏን ዘረጋች። ለእኔም እንደዚያ ነበር የምትዘረጋው፤ ያን ጊዜ እንዳላየችኝ ነበር የምቆጥረው። ውኃ ልቀዳ ኩባያ ፈለግኩ፣ እሱም የነበረበት የለም።

«ተይ እስቲ፣ አንቺ ቁጭ በይ» አለችኝ እማ በፍቅር። «እንግዳ ነሽ።»

ተመልሼ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእማን ጉልበት ማሸት ጀመረች፤ ዓይኔን ከእጆቿ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።