ቀዩ እባብና አባባ ታከለ

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ዕብራይስጥ በሚነገርባት ቂርያት ማላኪ ከተማ ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ቤት ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ጸጥታውን ነው። እናቴ በአቅራቢያችን ካሉት የበኤር ቱቪያ ፋብሪካዎች በአንዱ የከሰዓት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ወጥታለች። አባታችን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። የመስከረም በዓላት እንዳለፉ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ዳኒ ውትድርና ገባና ቤቱ ጨርሶ ኦና ሆነ።

ዳኒ ትቶልኝ የሄደው አንድ እባብ ነበር። መርዝ የሌለው፣ ቀጭን፣ ብርቱካንማ ቀይ እባብ ነው። ስሙ ጂንጂ ይባላል፤ በዕብራይስጥ ጸጉሩ ቀይ የሆነ ሰው የሚጠራበት ነው። ዳኒ ከጓደኛው ተቀብሎ፣ ድሮ ዓሣ ይኖርበት በነበረ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮት፣ ከላይ ቀይ አምፖል ሰቅሎለት ነበር። ሊሄድ ሲል እየተጣደፈ፣ ለምግቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆና የተቀመጠችውን አይጥ እንዴት በሞቀ ውሃ እንደማቀልጥ፣ በመቆንጠጫ እንዴት እንደማቀርብለት፣ ከበላ በኋላም እስኪፈጨው ድረስ እንዳልነካው አሳየኝ። «ያላ፣ በይ እንግዲህ፣ አደራሽን» አለኝና ቦርሳውን ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ።

እናቴ እባቡ ያለበትን የዳኒን ክፍል ደፍ አልፋ አታውቅም። እኔ ብቻዬን ማምሸቴ ግን ስላሳሰባት፣ ከእኛ በታች የሚኖሩትን አባባ ታከለን ለመነቻቸው። አባባ ታከለ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው በየከተማው የተበተኑባቸው ሽማግሌ ነበሩ። እሷ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ከእኔ ጋር ማምሸት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ቀን እባቡን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ተቆጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ብዙ ካዩት በኋላ ወንበር ስበው ተቀመጡና የጣሪያውን መብራት እንዳጠፋ ጠየቁኝ። ያኔ በክፍሉ ውስጥ የቀዩ አምፖል ብርሃን ብቻውን ቀረ፤ የፊታቸው ግማሽ ቀላ፣ ግማሹ ጨለመ፤ ፍም እንደሚሞቅ ሰው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ። ወገራ ሳሉ ሲመሽ እሳት ዳር ተረት ይነገር እንደነበር፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን ንገሩን ብሎ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ አጫወቱኝ። እኔም ይንገሩኝ አልኳቸው።

የነገሩኝ በአንድ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖር እባብ ነበር። የቤቱ ሰዎች ለምደውት፣ ስንጥቁን ሳይደፍኑለት ኖሩ። አንድ ክረምት አዲስ የገባች ምራት፣ እባቡ ውስጥ እንዳለ ሳታውቅ፣ ግድግዳውን በጭቃ ለሰነችው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ይተነፍስ ጀመር፤ በዚያ ቤት እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ አማትየው ግድግዳውን ፈልፍለው ሲያወጡት እባቡ ነጥቷል፣ ዓይኑ ታውሯል፣ አሮጌ ቆዳው ላዩ ላይ ደርቋል። ተሸክመው ወንዝ ዳር አኖሩት። ውሃው ውስጥ ሲንከባለል ዋለና ከድንጋይ ጋር ታሽቶ ቆዳውን ገፈፈ።

እባቡ ምን ውለታ መለሰላቸው ብዬ ጠየቅኩ። 

«ምንም። ሄደ» አሉኝ።

ያኔ ተናድጄ ነበር። እሳቸው ግን «በሌላ ሰው ተረት እባብ ወርቅ ሊያመጣ ይችል ይሆናል፣ እኔ የሰማሁት እንደዚህ ነው» አሉ።

በዚያ ክረምት፣ እዚህ አገር ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ዝናብና ብርድ፣ ብዙ ተረት ሰማሁ። ዝናቡ መስኮቱን ሲመታው፣ እናቴ ለእኔ ብላ የከፈተችው ማሞቂያ ከላይ ሲነፍስ፣ የእሳቸው ድምፅ ዝግ እያለ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሹክሹክታ እየሆነ፣ ከማላውቀው አገር የማላውቃቸውን ሰዎች ወደዚያች ክፍል ያመጣቸው ነበር። የማይገባኝ ቃል ሲመጣ አላቋርጣቸውም፤ አብሬ አልፈው ነበር።

ከዚያ ጂንጂ መብላት አቆመ። ቆዳው እንደ ሌላ ጊዜው አንድ ላይ መገፈፉ ቀርቶ በቁርጥራጭ እየተላጠ፣ ሌላው ላዩ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ዓይኖቹም ወተት የገባባቸው መሰሉ። ቀኑን ሙሉ አፍንጫውን ከመስታወቱ ማዕዘን ጋር እያሻሸ ይዞር ነበር። ለዳኒ ደወልኩ፤ ሜዳ ልምምድ ላይ ስለነበር ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ «አይዞሽ፣ ቢሞትም እንስሳ ነው» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። እኔ ግን ዳኒ በአደራ የተወልኝ ነገር ሳይመለስለት ከሞተ እሱም የማይመለስ ይመስለኝ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ገደራ በምትባል ከተማ ውስጥ እባብ የምታክም የእንስሳት ሐኪም እንዳለች በስልኬ አገኘሁ። አባባ ታከለ አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። ጂንጂን በትራስ ልብስ ውስጥ ከትተን የጨርቁን አፍ አሰርን፤ እንዳይበርደው ብለው ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያዙት። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠ ወታደር እንቅልፍ ወስዶት ራሱን ትከሻቸው ላይ ጣለ። እሳቸውም እባቡንም ወታደሩንም እንዳይቀሰቅሱ ገደራ እስክንደርስ ሳይነቃነቁ ተቀመጡ።

ሐኪሟ ጂንጂን ካየች በኋላ የሚኖርበትን ሣጥን ፎቶ ጠየቀችኝ። ስታየው ወዲያው ገባት። አምፖሉ ከመሃል ስለተሰቀለ ሣጥኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሞቃል አለች። እባብ ሙቀት ከራሱ አያወጣም፤ ሲበርደው ወደ ሞቀው፣ ሲሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ራሱ መሄድ አለበት። የሚደበቅበትም የለውም፤ አምፖሉና የቤታችን ማሞቂያ ደግሞ አየሩን አድርቀውት ቆዳው ሊላቀቅ አልቻለም። እኔ ይህንን ሁሉ ወደ አማርኛ ስመልስላቸው አባባ ታከለ በጥሞና ሰሙ።

«መሄጃ አጣ ማለት ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

ሐኪሟ እዚያው ለብ ባለ ውሃ ነክራው፣ በእርጥብ ፎጣ መሃል እንዲሳብ አድርጋ ቆዳውን አላቀቀችለት። ከዓይኖቹ ላይ ግን ሽፋኑን በጣት እንዳልልጥ፣ ቤቱ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ እንደሚወርድ ነገረችኝ። ቤት ስንገባ አምፖሉን አወረድን፤ ከሣጥኑ አንድ ጫፍ ሥር ብቻ ሙቀቱን የሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ ምንጣፍ አነጠፍን፤ በሁለቱም ጫፍ የሙቀት መለኪያና መደበቂያ፣ መሃል ላይ እርጥብ ሣር ያለበት ትንሽ ሣጥን፣ ሙሉ ሰውነቱን የሚያስገባበት የውሃ ሳህን አደረግን። አባባ ታከለ ከሠፈራችን አጠገብ ካለው የብርቱካን እርሻ ዳር ሻካራ ድንጋይ አምጥተው፣ አጥበው አስቀመጡለት። ጂንጂ መጀመሪያ የቀዘቀዘው ጫፍ ገብቶ ተደበቀና ለቀናት አልወጣም። ከዚያ በላ። ቀጥሎ ሲገፍፍ ቆዳው ከነዓይኑ ሽፋን አንድ ሆኖ ወጣ፤ ለዳኒ ፎቶ ላክሁለት፤ እሱም በሰንበት መጥቶ የሠራነውን ሁሉ ተንበርክኮ አየ። ጂንጂ ዛሬም በሕይወት አለ።

በጸደዩ መጨረሻ ግን ደረጃው አባባ ታከለን አቃታቸው። ልጃቸው ጥሩ ሰው ነው፤ መጥቶ ያቭነ ከተማ ወዳለው አዲስ ቤቱ ወሰዳቸው። ያኔ ብቻዬን ማምሸት የምችል ትልቅ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴም ሌላ ሰው አልፈለገችም። ሲመሽ ይደውሉልኝ ነበር። መጀመሪያ ስለ ጂንጂ «በላ?» ይሉኛል፤ ቀጥሎ በስልክ ተረት ይጀምራሉ፤ አንዳንዴ ድምፃቸው መሃል ላይ ይቆምና ከበስተኋላቸው ቴሌቪዥን በዕብራይስጥ ሲናገር ይሰማኛል።

በሚቀጥለው ክረምት አረፉ። ከእናቴ ጋር ያቭነ ለቅሶ ቤት ሄድን። ሰው ብዙ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ የልጅ ልጃቸው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ አያቱ ማታ ማታ የሚደውሉላት ልጅ እኔ መሆኔን በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። የእሱ ክፍል ከእሳቸው ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራ እንደነበር፣ በየማታው ድምፃቸውን ይሰማ እንደነበር፣ ግን አማርኛ ስለማያውቅ አንድም ቃል እንዳልገባው ነገረኝ።

«ምንድነው የሚነግርሽ የነበረው?» አለኝ።

አንዱን ተረት በዕብራይስጥ ነገርኩት። በጣም አጠረ። እሳቸው አንድ ምሽት የሚወስድባቸውን እኔ የቀረበልን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ልጁ እሺ እንደ ማለት «ቤሰደር» አለ፤ ገና የሚቀር መስሎት ግን ፊቴን እያየ ይጠብቅ ነበር። የሚቀር ነበር። ድምፃቸው ዝግ የሚልበት ቦታ፣ ዝም የሚሉበት ቦታ፣ ሳይገባኝ አብሬ ያለፍኳቸው ቃላት። እነዚያ ከእኔ ዘንድ አሉ፤ ለእሱ የምሰጥበትን መንገድ ግን ዛሬም አላገኘሁም።