ጨጓራዬን ያስቆረጥኩ ሰሞን

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ሱብሂ ተሰግዶ ገና ሳይነጋ ነው። ወሩ ሙቀት የጠናበት ስለነበረ ሰፈሩ ሁሉ ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ ተኝቷል፤ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሳልፍ ጎረቤቶቻችን ከነአንሶላቸው ቀና እያሉ መረቁኝ። አባቴ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ድረስ መጣ። ስኳር በሽታ አንድ እግሩን ካሳጣው ሁለት ዓመት ሆኖት ነበርና ከባጃጁ አልወረደም፤ እዚያው እንደተቀመጠ እጄን ያዘኝ። እናቴ ስለ ሶላቴና ስለ ባሌ ስትመክረኝ አድራለች። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ።

"ሰአዳ፣ ሰው አገር ሄደሽ እንዳትከሺ። እየበላሽ።"

እሺ አልኩት። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ ከመጠን በላይ ነው የጠበቅሁት።

ሚኒባሱ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ እኔ የቆላ ልጅ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጋቢያቸውን ግማሽ ለግማሽ አለበሱኝና የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጀርመን አልኳቸው። "እዚያም እንዲህ ይበርዳል?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነትም አላውቅም ነበር። መንገዱ ተራራውን የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ወደኋላ ዞሬ ይፋትን ለማየት ብሞክር ቆላው በጉም ተሸፍኗል።

ያገባኝ ሰው የካራቆሬ ልጅ ነው፤ ሽቱትጋርት የሚባል ከተማ ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ፣ እኔ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የጀመርኩትን ሥራ ጥዬ አልከተልም አልኩ፣ እየቆየ ስልኩ ራቀ፣ በመጨረሻ ፍቺው በፖስታ መጣ። ከአንዲት አሮጊት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁና ብቻዬን መኖር ጀመርኩ።

መወፈር የጀመርኩትም ያኔ ነው። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ይህ ቶሎ አይገባችሁም፤ ምግብ በዝቶላት ነው ትላላችሁ። ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ቤት አምስት ሰው አንድ ገበታ ይቀርባል። የማሽላው እንጀራ ላይ የማሾው ወጥ ይፈስሳል፣ አባቴ ሲያቆም ሁላችንም እናቆማለን፣ እናቴ አንድ ጉርሻ ታጎርሰንና ገበታው ይነሳል። ልክሽን የሚያውቀው አብሮሽ የሚበላው ሰው ነው። እዚህ ግን ሽማግሌዎችን ሳጥብ፣ ሳጎርስ፣ ሳስተኛ ውዬ እመጣና በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁት እንጀራ ሙሉው የኔ ነው። ገበታ የሚያነሳ ሰው የለም። አባቴ የሞተ ጊዜ ደግሞ ለለቅሶ መሄድ አልቻልኩም፤ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ነበር። ያን ወር የበላሁትን እኔም አላውቀውም።

ፎቶ ስልክላት እናቴ ደስ ይላታል። "አሁን ሰው መሰልሽ" ትለኛለች። ፎቶውን ለጎረቤት ታዞራለች፤ ልጅ ውጭ አገር ሄዶ ከከሳ ተቸግሯል፣ ከወፈረ ደልቶታል ነው። እኔ ደረጃ ስወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እንደማርፍ፣ ጫማዬን ለማሰር አልጋ ላይ መተኛት እንዳለብኝ ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን ዶክተሩ የደም ምርመራዬን አይቶ ስኳር እንዳለብኝ ነገረኝ። ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁትም። የአባቴ ባዶ የሱሪ እግር፣ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው፣ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ጨጓራሽ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ ቢቀነስ ስኳሩም ሊቀንስ ይችላል ሲለኝ ሳላስብ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያ ግን የጤና መድን መሥሪያ ቤቱ መፍቀድ ነበረበት። እዚያ የጠየቀኝ ሰውዬ የምበላውን በቅጽ ይመዘግባል። ዳቦ በቁራጭ፣ ድንች በፍሬ፣ ሁሉም ሣጥን አለው።

"እንጀራ ስንት ቁራጭ ይበላሉ?" አለኝ።

"ቁራጭ የለውም። ክብ ነው።"

ስፋቱን ጠየቀኝ። በሁለት እጄ ብሳየው የመኪና ጎማ ያሳየሁት ይመስል ትኩር ብሎ አየ።

"ለስንት ሰው የሚሆን ነው?"

"አገር ቤት ለሁለት። እዚህ ለእኔ።"

ጻፈው። ዕድሜዬን በሙሉ በአንድ መስመር የጻፈው መሰለኝ። ከብዙ ወር በኋላ ፈቃዱ በደብዳቤ መጣ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሥልጠና እሄዳለሁ አልኳት። ለሐበሾቹም አልነገርኩም፤ እዚህ አንድ ሰው ካወቀ ሳምንት ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይሰማል። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የጨጓራዬ አብዛኛው ክፍል የወጣው ከነሱ በአንዱ ነው። በአራተኛው ቀን ስወጣ ነርሷ ማን እንደሚወስደኝ ጠየቀችኝ። እህቴ ታች እየጠበቀችኝ ነው አልኳት። እህት የለኝም። ታክሲ ይዤ ገባሁ፤ ሦስቱን ፎቅ በየደረጃው እየተቀመጥኩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን እንዴት ይነገራል? የምጠጣው ውኃ በሲኒ ነው፤ ጎንጨት፣ ከዚያ ሰዓት አይቶ መጠበቅ፣ ደግሞ ጎንጨት። ትንሽ ከፈጠንኩ ደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተቀመጠ ይሆናል። ደም እንዳይረጋ በየቀኑ አንድ መርፌ እምብርቴ አጠገብ ራሴን እወጋለሁ። የመጀመሪያው ቀን መርፌውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሥራ ቦታ ስንቱን ሰው ስወጋ እውላለሁ፤ የራስ ሥጋ ሲሆን እጅ እምቢ ይላል። እግሬ ላይም ለዚሁ ሲባል እስከ ጭኔ የሚደርስ ነጭ ካልሲ አለ፤ እሱን ለማውለቅ ጎንበስ ስል ቁስሉ ይይዘኛል። ኅዳር ነበርና ሃይትሱንግ የሚሉትን የቤት ማሞቂያ ተደግፌ እቀመጣለሁ። ጀርባዬ ይሞቃል፣ ፊቴ ይቀዘቅዛል። ሸዋ ሮቢት ሰው ቢታመም በሩ ተዘግቶ አይውልም። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ ትደክሚያለሽ፣ ምነው በተውኝ ትያለሽ። እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማሁም፤ አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ቢስሚላህ ብዬ ጮክ እል ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሬን ስከፍት እጀታው ላይ የእንጨት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። እዚህ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኬርቮኸ ይባላል። ደረጃውን የመጥረግ ተራሽ ነው ማለት ነው። አከራዬ ፍራው ኬለር ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ይከብዳል፣ አቧራ ግን ያያሉ። ከዚህ በፊት አንድ ቅዳሜ ብዘል ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ በበሬ ሥር አስገብተውልኛል። ታምሜያለሁ ልበላቸው ብዬ አሰብኩ፤ ምን ሆነሽ ማለታቸው እንደማይቀር ሳስብ ተውኩት። ስለዚህ መጥረጊያውን ይዤ ወጣሁ።

ከሌሊት ጀምሮ አፌ ደርቆ ነበር፤ ውኃው አልወርድ ብሎኝ ትቼው ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፣ ደረጃው እየሰፋ እየጠበበ ይታየኛል። ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። እዚያው እያለሁ ፍራው ኬለር ከታች ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ወጡ።

"ጥጉ አልተጠረገም" አሉኝ።

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

ቀርበው አዩኝ። ዓይናቸው ከፊቴ ወርዶ ነጩ ካልሲዬ ላይ ቆመ።

"ይህን እኔም ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ስሆን አድርጌዋለሁ" አሉ። "የት ነው የቆረጡዎት?"

ሆዴን አሳየኋቸው። ለማንም ያልተናገርኩትን ለሳቸው ነገርኩ፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ደግሞ ጮኼ ነው የተናገርኩት፣ ሕንፃው ሁሉ እስኪሰማ። እስክጨርስ ሰሙኝና ማንን ልጥራልዎት አሉኝ። ሰው አለኝ አልኩ። የት ነው ያለው አሉ።

"ሸዋ ሮቢት።"

"ስንት ቁጥር ትራም ነው የሚወስደው?"

እንባዬ መጣ። ሳቅም ነበረበት፤ ስስቅ ቁስሉ ስለሚያመኝ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው የባሰብኝ መስሏቸው አምቡላንስ ጠሩ።

ሰውነቴ ውኃ አጥቶ ነው፤ ሌላ ክፉ ነገር አልነበረም፣ አልሃምዱሊላህ። ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶልኝ አንድ ቀን ቆየሁ። ያቺው ነርስ መጣች። ስለ እህቴ አልጠየቀችኝም፤ ይልቅ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሲኒውን ውኃ በማንኪያ እንዴት እንደምወስድ እንደ አዲስ አሳየችኝ። ስመለስ ሰሌዳው ከበሬ ላይ ተነሥቶ ፍራው ኬለር በር ላይ ተንጠልጥሏል። የሰማንያ ዓመት አሮጊት በኔ ተራ ደረጃ ጠርገዋል። አመሰግናለሁ ስላቸው ጥጉ እንዴት እንደሚጠረግ እንዳይ ጋበዙኝ።

ያን ቀን ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። ፍራው ኬለር ማንን ልጥራ ያሉት ጥያቄ ከራሴ አልወጣ ብሎኝ ነው። በቪዲዮ አደረግሁት። ፊቴን እንዳየች ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"ምን ሆነሻል? ጉንጭሽ የት ሄደ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ስኳሩን፣ ኦፕራሲዮኑን፣ ሥልጠና ብዬ መዋሸቴን፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ መቅረቴን። አላቋረጠችኝም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጨርሼ ሳበቃ አጥሚት ማን አፈላልሽ ብቻ ነው ያለችኝ። ማንም አልኳት። ከዚያ ስልኩን ገበታ ላይ አስቀምጣው ሄደች መሰለኝ፣ የጣራው ቆርቆሮ ብቻ ይታየኛል፣ ከግቢው የዶሮ ድምፅ ይሰማኛል። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷን ታጥባ ነው የመጣችው።

"የተቆረጠውን የት ቀበሩት?" አለችኝ።

አልገባኝም ነበር። ደገመችልኝ።

"ከሆድሽ ያወጡትን። ያንቺ ገላ አይደለም ወይ? የት ነው ያለው?"

አላውቅም አልኳት። ምርመራ ይልኩታል፣ ከዚያ ሳያቃጥሉት አይቀርም ማለት ፈራሁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የአባቴ እግር ደብረ ብርሃን የተቆረጠ ጊዜ አጎቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በሚኒባስ ይዞት እንደመጣ፣ ከወንዙ ወዲያ ባለው መቃብር እንደቀበሩት ነገረችኝ። "ለእናንተ ለልጆቹ አልነገርናችሁም። ሲሞትም እዚያው አጠገቡ ነው ያሳረፍነው። አንድ ላይ ይሁን ብለን።"

እኔ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ወረቀቱ ላይ ስፈርም፣ ይህን ያህል ይወጣል ሲሉኝ፣ ትርፍ ነገር እንደሚጥሉልኝ ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ትራም ላይ ተቀምጬ ሆስፒታሉን ሳልፍ መስኮቶቹን አያለሁ።

አሁን ወራት ሆኖታል። ስኳሩ ወርዷል። ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። እናቴ አዲሱን ፎቶዬን ለጎረቤት አላሳየችም፤ አሮጌውን ነው አሁንም የምታዞረው፣ እኔም እንድትተወው አልነግራትም። ባለፈው ለክትትል ስሄድ የእናቴን ጥያቄ በጀርመንኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። ዶክተሩ በውጤቴ ተደስቶ ሌላ የምትጠይቂው አለ ወይ አለኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። የለም አልኩት።

ወጥቼ ትራም ስጠብቅ እናቴ ደወለች።

"ጠየቅሻቸው?"

"በሚቀጥለው እጠይቃቸዋለሁ።"

ከኋላዋ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል።

"እሺ" አለችኝ። "ካገኙት ወዳገር ይላካል ወይ ብለሽም ጠይቂልኝ። ቦታ አለን።"

እንደማይላክ እያወቅሁ እሺ አልኳት።