ከአንድ እጅ በቀር

ፋንታ ውሻውን «ማንታምኖ» ብሎ የሰየመው ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ ተብሎ አይወጣም፤ ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር የውሻ ስም አድርጎ በአጥር ላይ ይወረውረዋል። ስለዚህ ቢቸና ውስጥ፣ ፋንታ በሚኖርበት ሰፈር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ማንታምኖ! ና ማንታምኖ!» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጎረቤቱ አገሬ «ደግሞ ጀመረን» ትላለች። አገሬ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች ነገሩ ለማን እንደተላከ አይጠፋትም።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን እንኳ ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚጣላው አያጣም። ፋንታ ግን ከማንም አይጣላም፣ ከማንም አይበላም። አገሬ ለፋሲካ ዳቦ ቆርሳ ብትልክለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ዝክር ቢጠሩት ከደጃፍ ቆሞ መርቆ፣ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይሄዳል። ለቅሶ ይደርሳል፣ ንፍሮውን ግን ሳይቀምስ ይነሳል። ሰፈርተኛው መጀመሪያ «ሲጠግብ የኖረ ሰው» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እየቆየ ቀልዱንም ተወው፣ መጥራቱንም ተወው።

ይህን ልማድ ያመጣው ከሞጣ ነው። ጎልማሳነቱን የጨረሰው እዚያ፣ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ሲጠብቅ ነው። ያኔ ሌላ ውሻ ነበረው፣ ሌላ ጸባይም ነበረው። ምሳውን ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሁልጊዜ ከጎኑ የሚቀመጠውና ጉርሻ የማያጓድልበት ሰው፣ አንድ ምሽት ለውሻው መርዝ የነካው ሥጋ ወረወረለት። ውሻው ጠረኑን ያውቀዋል፤ ጭራውን እየቆላ በላ። በማግስቱ መጋዘኑ ተዘርፎ፣ ውሻው ደርቆ ተገኘ። ፋንታም «ከሌቦቹ ጋር አብረህ በልተሃል» ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ሰነበተ። እውነቱ ወጥቶ ተለቀቀ። ቃሉ ግን አለቀቀውም፤ በእርግጥም ከሌባው ጋር አንድ ትሪ ላይ በልቷላ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቡችላ አመጣና በዘበኞች ዘዴ አሳደገው። ዘዴው ውሻ ከአንድ እጅ በቀር እንዳይበላ ማድረግ ነው። ፋንታ መንገደኛውን እየለመነ ሚጥሚጣ ያሸውን ሥጋ በሰው እጅ ያሰጠዋል። ቡችላው አፉ ተቃጥሎ እየጮኸ ሲመለስ፣ ራሱ ውኃና ንጹሕ ሥጋ ይዞ ይጠብቀዋል። ቡችላ ሞኝ አይደለም። ክረምቱ ሳይወጣ የሰው እጅ ሁሉ እሳት፣ የፋንታ እጅ ብቻ ምግብ መሆኑን አወቀ። ፋንታ አርጅቶ ወደ ቢቸና ሲመለስ ሚስቱ ቀደም ብላ አርፋለች፤ ልጅም አልነበራቸው። ያለው ያ ውሻ ነው። ማታ ሲገባ፣ ዓለም ሁሉ ቢሰጠው ንቆ እሱን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ነፍስ ደጃፉ ላይ አለችለት። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፋንታም ሌላ አልፈለገም፣ ወይም እንዳልፈለገ ለራሱ ነግሮ አሳምኖታል።

ነገሩን ያበላሸው ቡአ ነው። ዘበኛ ተብሎ ተቀጥሮ ጆንያ ሲሸከም ስለኖረ ብሽሽቱ እያበጠ ሄዶ መራመድ ከለከለው። ሞጣ ሆስፒታል ሄዶ ታየ። ሐኪሙ «አባባ፣ ይሄ ነገር ከታነቀ ሕይወትዎን ያጠፋል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል፤ ተኝተውም ይሰነብታሉ» ብሎ ቀን ቆረጠለት። ቀኑ ደረሰ፣ ፋንታ አልሄደም። ማንታምኖን ማን ያብላው?

አገሬ ሲያቃስት በአጥሩ ላይ ሰማችው። አንድ ጧት አላስችላት አለና ከበሩ ላይ ቆመች። ውሻው ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ።

«አያ ፋንታ፣ ምን ሆነው ነው?»

ሊደብቃት ፈልጎ ነበር፣ ሕመሙ አላስደበቀውም። ቀጠሮውን እንዳሳለፈና ለምን እንዳሳለፈ ነገራት።

«ለውሻ ብለው ሊሞቱ ነው?»

«እኔ ከሌለሁ እሱም በረሃብ ይሞታል።»

«እንግዲያ ቀሪው ለእኔ ነዋ! አንዱን አልቅሼ ልቅበር፣ ሌላውን ጎትቼ ልጣል!» ተቆጣች። «ይሂዱና ይታከሙ። እኔ አበላዋለሁ።»

«ከእጅሽ አይበላም።»

«ሲርበው ይበላል።»

ረሃብ ያስተምራል የሚለው የአገሬ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ምክር ነበር። ፋንታ ሁለተኛ ቀጠሮ አስቆርጦ መጣና ማብላቱን ለእሷ ትቶ ከቤት ዋለ። አገሬ ያስቀመጠችለትን ማንታምኖ አላየሁም አለ። ለሃጩ እየተዝረበረበ ፊቱን አዞረ። የጎን አጥንቱ መቆጠር ሲጀምር ፋንታ አላስችል ብሎት እያለቀሰ በእጁ አበላው፤ ውሻውም ትምህርቱ ትክክል እንደነበር የበለጠ አረጋገጠ።

ያኔ አገሬ የእንስሳት ሐኪሙን ሙሐመድሸሪፍን ጠራችው። ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ድምፁን የማያነሳ ወጣት ነው። ከበሩ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና ውሻውን ሲያይ ቆየ።

«ማስራቡ ይቅር፣» አለ ወደ ፋንታ ዞሮ። «የተራበ ውሻ ይናከሳል እንጂ አይማርም። የጎረቤትዎን ያረጀ ነጠላ ከመኝታው ያንጥፉለት፣ ጠረናቸውን ተኝቶ ይልመደው። እሳቸው ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ እርስዎ ያብሉት። ዝም ካለ በማግስቱ ትንሽ ጠጋ ይበሉ። ካጉረመረመ መልሰው ራቅ ይበሉ።»

«ሲያጉረመርም በዱላ ብለውስ?» አለ ፋንታ።

«እንዳያደርጉት አባባ። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክስ። እርስዎ ያስተማሩትን እርስዎ ነዎት የሚያስረሱት፤ ግን ቀስ ብለው።»

ቀስ ብለው ያዙት። አገሬ በየማታው በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች። መጀመሪያ ከበሩ ውጪ፣ ቀጥሎ ከበሩ ላይ፣ ኋላም ከግቢው መሐል ትቀመጣለች። ሥራ እንዳትፈታ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። ያልተነጋገሩበት የጎረቤትነት ዘመን ሁሉ በዚያ በርጩማ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሚስቱን ታውቃት ኖሯል፤ በመጨረሻዋ ሰሞን እያስታመመች ያጎረሰቻት አገሬ ነበረች። ፋንታ ያን ጊዜ ሞጣ መጋዘን ሲጠብቅ ነበርና ይህን ማንም አልነገረውም። የሰማ ዕለት አንገቱን ደፍቶ የውሻውን ሳህን ደጋግሞ አጠበ። ያችን ሴት ስንት ዓመት በውሻ ስም ሲሰድባት እንደኖረ አሰበና አፈረ።

ማንታምኖ ማጉረምረሙን ተወ። የአገሬ ነጠላ ላይ ተጠቅልሎ መተኛት ጀመረ። አገሬ እጇን ስትዘረጋለት ግን አሁንም ይደነግጣል። የቀጠሮው ቀን ቀርቧል፣ ፋንታም በዱላ ተደግፎ ነው የሚቆመው። አንድ ማታ አገሬ ያዘጋጀችውን ይዛ መጣች፤ ውሻው የሚጥሚጣውን ነገር እንዳያስታውስ ብላ በርበሬ ያልነካው የድንች አልጫ በእንጀራ ነበር። ዘረጋችለት። ውሻው እጇን ትቶ ቀና ብሎ ፋንታን አየው። አገሬም የውሻውን ዓይን ተከትላ አየችው።

«አያ ፋንታ፣ እርስዎ እኮ ነዎት።»

«ምን አደረግሁ?»

«እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ሰንሰለቱን ጨምቀው ይይዙታል። ትንፋሽዎን ይውጡታል። እርስዎ እየፈሩ እሱ እንዴት ይመን?»

እጁን ቁልቁል አየው። እውነቷን ነው፤ ጣቶቹ ሰንሰለቱ ላይ ነጥተዋል።

«ውሻውን ተዉት፣» አለች። «መጀመሪያ እርስዎ ይብሉ። እያየዎት።»

«ጠግቤ—»

«አሁንስ አልሰማዎትም!»

ጉርሻውን ጠቅልላ ወደ አፉ አመጣችው። ፋንታ ከሞጣው ትሪ ወዲህ ከሰው እጅ በልቶ አያውቅም። አንገቱ ወደኋላ ሊል ሲል ውሻው እያየው መሆኑን አስታወሰ። ለውሻው ብዬ ነው አለ በሆዱ፣ አፉን ከፈተ። አልጫው ለብ ያለ ነበር። እያላመጠ እጇን አየ፤ ሚስቱም የመጨረሻውን የበላችው ከዚህ እጅ ነው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን ደገመችው። ሦስተኛውን በመዳፏ ዘርግታ ዝቅ አደረገች። ማንታምኖ አሸተተ። ወደ ፋንታ አየ፣ እያላመጠ ነው። ሰንሰለቱም መሬት ላይ ወድቋል። ውሻው ጥርሱን ሳያስነካ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ ከአገሬ መዳፍ ላይ አነሳው።

አገሬ እልል ልትል ፈልጋ ውሻው እንዳይደነግጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፋንታ ግን እንዳሰበው ደስ አላለውም። ደስታው ውስጥ አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር ነበር።

ምን እንደሆነ የገባው ሞጣ ነው። ደብረ ወርቅን አልፎ በሚኒባስ ሄደ፣ ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነለት። በክፍሉ በሽተኛ ሁሉ አጠገብ አስታማሚ አለ፤ የእሱ አልጋ ጎን የተቀመጠችው ፌስታሉ ብቻ ናት። ነርሷ «አስታማሚዎ የት ሄደ?» ስትለው «ይመጣል» ብሎ ዋሸ። አገሬ ደወለች። «አያ ፋንታ፣ አያስቡ! አሁንማ ከእጄ ቀምቶ ነው የሚበላ፣ ከደጄም አልነሳ አለኝ» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አለቀሰ። በምድር ላይ ከእሱ እጅ በቀር የማይበላ አንድ ፍጥረት ነበረው፤ አሁን እሱም የለም።

ከጎኑ ባሏን የምታስታምም ዓሊማ የምትባል የሞጣ ነጋዴ ነበረች። ብርድ ልብሱ ሲንቀጠቀጥ አይታ የቋጠረችውን ፈታችና «አባባ፣ ሽሮ ነው፣ የጾም ነው፣ ይቅመሱ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ከትናንት ጀምሮ ምንም ሲቀምሱ አላየሁም፣» አለች ዓሊማ። «በምን ጠገቡ?»

ፋንታ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ሴትዮዋም አላስጨነቀችውም፤ ከምግቡ ከፍላ ራስጌው አስቀመጠችለት። ፋንታ ሁሉም ፊቱን ሲያዞር ጠብቆ በላው።

ቢቸና መናኸሪያ ሲወርድ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች የሚቀበል ሰው ነበረ። እሱ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ የተሰፋ ብሽሽቱን ይዞ፣ አዘግሞ ቤቱ ደረሰ። ከበሩ ላይ ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማንታምኖ» አለ፤ አገሬ እንዳትሰማው ሲጠነቀቅ የመጀመሪያው ነው። ውሻው ከአጥሩ ወዲያ እየተወነጨፈ መጣ፣ ዘለለበት፣ ፊቱን ላሰው፣ እየዞረ አለቀሰለት። አልረሳውም። ፋንታ ከመንገድ የገዛውን ዳቦ በሳህኑ ቆርሶ አቀረበለት። ውሻው አሸተተና አጠገቡ ተጋደመ። ሆዱ ከበሮ አክሏል፤ አሁን በቅርቡ እንደበላ ማንም ያየዋል፣ ፋንታም አየው።

ቤቱ እንደተወው ጸጥ ብሏል። ምድጃው ላይ አመድ፣ መደቡ ላይ አቧራ አለ። ከአጥሩ ወዲያ የአገሬ ድስት ክዳን ሲነሳና ሲከደን ይሰማል። «በምን ጠገቡ?» ያለችው ሴት ትዝ አለችው። ሳህኑን አነሳ፣ ውሻውን አስከትሎ ዞሮ የአገሬን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ፋንታ። ይሄ ውሻ ከእጄ አልበላም አለኝ።»

አገሬ በሩን ከፍታ ውሻውን አየችው። አፉ ዙሪያ የእሷ የድንች አልጫ ገና አልደረቀም። ዳቦ የተቆረሰበትን ሳህን አየች፣ ሳህኑን የያዘውን እጅም አየች። ስለ ውሻው ምንም አላለችም።

«እርስዎስ፣ አያ ፋንታ? በልተዋል?»

ያ የዕድሜ ልክ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠው።

«አልበላሁም» አላት።