ለጫልቱ ያልተረጎምኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤም ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ዘልያታለሁ።

አዳማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጫልቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከመቂ የመጣች ሴት ነበረች። ባሏ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ስለሄደ ብቻዋን ናት። እሷ አማርኛ አትችልም፤ ሐኪሙ ደግሞ ኦሮምኛ አያውቅም። እኔ መልካሳ ስላደግኩ ሁለቱንም እችላለሁ። መሃላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

አልትራሳውንዱ የልጁ የራስ ቅል እንዳልተሠራ አሳየ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ቀስ ብለሽ አስረጂልኝ» አለኝ። «ልጁ ቢወለድም አይቆይም። ከፈለገች እርግዝናውን ማቋረጥ ትችላለች። ካልፈለገች ቀኑ ሲደርስ ትወልደዋለች፤ እንዳያመው፣ እንዳይበርደው እናደርጋለን፤ እስኪያልፍ እቅፏ ውስጥ ይሆናል። ምርጫው የእሷ ነው።»

የመጀመሪያውን ምርጫ ተረጎምኩ። ሁለተኛውን ዋጥኩት።

ለምን? ቆሜ ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበር፤ ይህ ግን ሰበብ ነው። እውነቱ፣ የሚሞት ልጅ ተሸክሞ ወራት መቆየት ምን ይሉታል ብዬ በእሷ ቦታ ፈረድኩ። እኔ ማን ነኝ? ማን ሾመኝ?

ጫልቱ እጄን ይዛ፣ «ሌላ መንገድ የለም?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«የለም» አልኳት።

ሐኪሙ ምን እንዳለች ሲጠይቀኝ፣ «ይቋረጥልኝ ብላለች» አልኩት። ሁለቱንም ዋሸኋቸው።

እርግዝናው ተቋርጦ ከወራት በኋላ ቲማቲም በፌስታል ይዛ ልታመሰግነኝ መጣች። ትከሻዬን ስማ፣ «አንቺ ባትኖሪ ማን ያስረዳኝ ነበር፣ እህቴ?» አለችኝ። ፌስታሉን እየሰጠችኝ ደግሞ፣ «ፊቱን እንኳ አላየሁትም። አንዴ ባቀፍኩት፣ ስም ባወጣሁለት…» አለች።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ቲማቲሙን ተቀብዬ አመሰገንኳት።

ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ሳላስቀር እተረጉማለሁ። አንዳንዷ ማቋረጡን ትመርጣለች፤ አንዳንዷ ወልዳ ታቅፈዋለች፤ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። ለእነሱ መናገሬ ግን ለጫልቱ መናገር አይሆንም።

ማሩኝ አልላችሁም። የምትምረኝ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ የበደልኳትን አታውቅም። ብነግራት የሻረ ሐዘኗን እቀሰቅሳለሁ እላለሁ። ሐዘኗ መሻሩን በምን አወቅኩ? ዛሬም በእሷ ቦታ እየፈረድኩ ነው።

መቂ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልሄድኩም።