ሃርጌሳ የሰጠችኝ ስምንት ዓመት

የስደት ወሬ ብዙ ጊዜ በሌሊት ይጀምራል። እኔ ግን ከድሬዳዋ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ዙሁር ተሰግዶ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ሲሸሽ ነው። ማንም አላሳደደኝም። የዚያን ቀን ጠዋት በክለባችን ካምፕ በር ላይ የአዲሱ ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ተለጠፈ። ሃያ አምስት ስም አለው፣ የኔ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምናልባት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ይኖር ይሆናል ብዬ ጫፉን ሳነሣው ሙጫው ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴ ላይ ቀረ። አሰልጣኙን ሄጄ ብጠይቀው «ሰዓዳ፣ ቡድኑን በወጣት እየገነባን ነው» አለኝ። እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር! በኔ ቦታ፣ በግራ መስመር፣ ከታዳጊዎች ፕሮጀክት የመጣች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ገብታለች። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ኮምቦልቻ እናቴ ጋ መመለስ እችል ነበር። ግን እማ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ በኳስ ደመወዝተኛ ሆነች» ብላ አውርታለች። አጎቴ ደግሞ «ሴት ልጅ በቁምጣ!» ብሎ በኔ ምክንያት ሁለት ዓመት አኩርፏታል። እሱ ደስ ሲለው እንዳላይ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ። የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ኑሩ በድሬና በበርበራ መሀል ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። «ጋሽ ኑሩ፣ ሃርጌሳ ድረስ ውሰደኝ፤ ሦስት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ» አልኩት። «እኔም ለሦስት ወር ብዬ ነው መሪ የጨበጥኩት» አለና ከጎኑ ያለውን ወንበር ጠረገልኝ።

በማግስቱ ድንበሩን ተሻግረን ሃርጌሳ ስንደርስ የውጭ አገር ሰዎች የሚመዘገቡበት ቢሮ ወሰደኝ። መኮንኑ ልጅ ሆኖ ከአገሩ ጦርነት ሸሽቶ እኛ አገር ያደገ ነውና አማርኛው ከኔ ሱማልኛ ይሻላል።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

የቀበሌ መታወቂያዬን አገላበጠው። «በወረቀቱ የትውልድ ዓመት ሠላሳ ነሽ።»

«የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። እናንተ በፈረንጅ ነው የምትቆጥሩት...»

«አውቃለሁ። አሥር ዓመት አገራችሁ ስኖር ሁልጊዜ ከዓለም ኋላ ነበርኩ።»

«ታዲያ ያስተካክሉልኛ!»

«እኔ ያየሁትን ቁጥር ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ የናንተን ጳጉሜን አያውቅም» አለና የነዋሪ ካርዴ ላይ ማኅተሙን መታው። እንዲህ ሆኖ ጠዋት ሃያ ሁለት የነበርኩት ሴትዮ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ሞላኝ።

በማግስቱ ተመልሼ መጨቃጨቅ እችል ነበር። ያልተመለስኩት በቤት ምክንያት ነው። 26 ጁን በሚባል ሰፈር ሳህራ በምትባል ሴት ግቢ ውስጥ ክፍል አለ ተብዬ ሄድኩ። ገና ከበሩ ላይ እያየችኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ለልጃገረድ አላከራይም። ልጃገረድን ተከትሎ ወንድ ይመጣል፤ ወንዱን ተከትለው ወንድሞቿ ይመጣሉ።»

አዲሱን ካርዴን ሰጠኋት። አንብባ ቀና አለች።

«ሠላሳ? ባል የለሽም?»

«የለኝም።»

«ልጅም?»

«የለም።»

«መስኪን!» አለችና እጄን ይዛ አስገባችኝ። የዚያን ቀን ሻይ በወተት አፍልታ አጠጣችኝ፤ ከአዘኔታ የተነሣ ስኳሩን አበዛችው። ከዚያ ወዲያ ሠላሳነቴን ማን ይነካል? ሳህራ እራሷ የሴቶች ጸጉር ቤት ሥራ አስገባችኝ፤ ሂና እቀባለሁ፣ ጸጉር አጥባለሁ። ደንበኞቹ ኤዶ ይሉኛል፤ አክስት ማለት ነው። አብራኝ የምትሠራው የእውነት ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት እንኳን ቁጭ ብላ ከሆነ ተነሥታ ወንበር ትለቅልኝ ነበር። ወላሂ አፍሬም አላውቅም።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ሃርጌሳ ምን ትመስላለች ብላችሁ ስትጠይቁኝ ምን እንደምል ይጠፋኛል። ኮምቦልቻ በሐምሌ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ እዚህ ሐምሌ ነፋስና አቧራ ነው፣ ጥርስሽ መሀል አሸዋ ይንቋቋል። ሩዙን ከሙዝ ጋር ይበሉታል። መጀመሪያ ቀን ሙዙን ለኋላ ብዬ ወደ ጎን ሳደርገው አሳላፊው የረሳሁት መስሎት ልጦ ሩዙ ላይ አስቀመጠልኝ፣ አልቅሼ በላሁት። ሰላምታቸው አጭር ነው። እኛ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ብለን ሳንጨርስ እነሱ ጉዳያቸውን ፈጽመው ሄደዋል። ደግሞ ስትታመሚ ግቢው ሁሉ ወተት ይዞ ይመጣል። በየቀኑ ልሂድ እላለሁ፣ በየቀኑ ነገ እላለሁ። ሦስቱ ወር እንዲህ ስድስት ዓመት ሆነ።

ከተማዋ ያኔ በየአቅጣጫው እየተሠራች ነበር። እዚህ አገር ቦታ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው አጥሩን ነው። ረጅም የብሎኬት አጥር፣ የብረት በር፣ ውስጡ ግን ባዶ ሜዳ። ባለቤቱ ለንደን ወይ ስዊድን ነው፤ ቤቱ የሚሠራው እሱ ሲመጣ ነው። አንድ ቀን የሳህራን ወንድም ባዶ ግቢ ልጠርግ ገብቼ አራቱን ግድግዳ ሳይ፣ ማንም የማያየው የሴቶች ሜዳ ማለት ይሄ ነው ብዬ መጥረጊያዬን ጣልኩ።

ልጆቹን የሰበሰብኳቸው ከጸጉር ቤቱ ነው። እናት ጸጉሯን እስክታጠብ ልጅቷ ጓሮ ኳስ ትመታለች። አንዷ ከዳሚ ሰፈር፣ ሌላዋ ከአያሃ ሰፈር እየመጣች አሥራ አራት ደረሱ፤ ግማሾቹ ሱማሌ፣ ግማሾቹ የኛ የስደተኛ ልጆች። ረጅም ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ይቋጥሩትና ከሥሩ በሱሪ ይጫወታሉ። ቡድን ግን እንዴት ብዬ ልገንባ? ዛሬ ተከላካይ ያደረግኳትን በሳምንቱ ሙሽራ ሆና አገኛታለሁ። ግብ ጠባቂዬን ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። የሲሚንቶ መኪና ከበር ሲቆም ደግሞ ባለቤቱ መጣ ማለት ነው፤ ኳሳችንን ታቅፈን ሌላ ባዶ አጥር ፍለጋ እንወጣለን። የከተማው ሰው ሁሉ ሕንፃ ሲጨመር አልሐምዱሊላህ ይላል፣ እኔ ብቻ ሜዳዬን ወሰዱብኝ እያልኩ እበሳጫለሁ።

ከሁሉም ሃያት ትለያለች። የዳሚ ልጅ ናት፣ እናቷ ከድጃ የወሎ ሰው ናት፣ ልብስ ትነግዳለች። ሃያት ሃርጌሳ ተወልዳ አማርኛዋን ከእናቷ፣ ስድቧን ከሰፈሯ ነው የተማረችው። ግራ እግሯ ኳስ ሲነካ እኔ ማሰልጠኔን እረሳለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከበርበራ ባል ተገኘላት።

«እት ከድጃ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

«እስከ መቼ? አንቺንም አየንሽ እኮ እቴ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶሽ ኳስ ስታባርሪ። ልጄ እንዳንቺ እንድትቀር ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። ሃያ ስምንት ነኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ከረመዳን በፊት ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ከተቀበላት ትሄዳለች፤ ካልሆነ ኒካህ ይታሰራል።

ድሬ ወዳለችው የድሮ ጓደኛዬ ትዕግስት ደወልኩ፣ አሁን በዚያው በጣለኝ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ሆናለች። «እግዜር ነው ያስደወለሽ! ለታዳጊ ቡድናችን ግራ እግር እየፈለግን ነው፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች። ቅጹን ሞልተሽ ላኪ፣ ከዚያ ለሙከራ ትመጣለች» አለችኝ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ቅጹን አስወጣሁ። በጥንቃቄ፣ በቆንጆ ጽሕፈት፣ የሃያትን የትውልድ ዓመት ከትምህርት ቤት ወረቀቷ ገልብጬ ሞላሁ። በፈረንጅ መሆኑ ትዝ እንኳን አላለኝም። ስድስት ዓመት ስኖር ለካ እኔም በነሱ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

በሳምንቱ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደወለ።

«የላክሽልን የስምንት ዓመት ሕፃን ናት። ጫማዋን ማን ያስርላታል?»

ስህተቱ ሲገባኝ ሳቅኩና ይቅርታ ጠይቄ፣ በኛ አቆጣጠር አስተካክዬ ሌላ ቅጽ ላክሁ። እንደገና ደወለ።

«በአንድ ሳምንት አሥራ ስድስት ሞላት? ምን አብልተሻት ነው?»

«ጌታዬ፣ የመጀመሪያው በፈረንጅ ነበር...»

«ዕድሜ የሚቀንስና የሚጨምር ሰልችቶናል። አሰልጣኟ ከሆንሽ ማረጋገጫ ጽፈሽ ከመታወቂያሽ ጋር ላኪ።»

ላክሁ። አሁንስ አለቀ ብዬ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ስልክ መጣ፤ ድምፁ ቀልድ የለበትም።

«ካርድሽ የውጭ አገር ነው፣ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው አይደል?»

«አዎ፣ ግን...»

«ስለዚህ ሠላሳ ስድስት ነሽ። የድሮ የተጫዋች መታወቂያሽ፣ ቴሴራሽ፣ ፋይላችን ውስጥ አለ፣ በሱ ደግሞ ሃያ ስምንት ነሽ። ከልጅቷ ስምንት ዓመት፣ ካንቺ ስምንት ዓመት። ይሄ ስህተት ነው ወይስ ሥራሽ ነው? ያንቺ ዕድሜ ሳይታወቅ ለሰው ልጅ ዕድሜ ትመሰክሪያለሽ?»

 የካርዱ የመኮንኑ ስህተት ነው እንዳልል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የተከበርኩበት፣ ቤት ያገኘሁበት ስህተት ነው። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሃያት ኳሷን ታቅፋ «ምን አሉ ኤዶ?» ስትለኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ወደዚያው ቢሮ ሄድኩ። ያው መኮንን ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጠረጴዛው አዲስ ሆኗል።

«ስምንት ዓመት ትርፍ ሰጥተውኝ ነበር፣ ልመልስ መጣሁ» አልኩት።

ካርዱን አይቶ ሳቀ። «ስድስት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ቤት አገኘሁበት።»

«አሁንስ?»

«ልጅ ላሰልፍ ነው።»

ሳቁን ተወና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ካርዱ ይሰረዛል። የዕድሜ እርማት የሚል ወረቀት ዛሬውኑ ይሰጠኛል፣ አዲሱ ካርድ ግን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። «እስከዚያ ከድንበሩ፣ ከቶጎ ውጫሌ ወዲያ ከተሻገርሽ መመለሻ የለሽም» አለኝ። ሃያትን ይዤያት ልሄድ ነበር እኮ። ያንን የካምፕ በር አንድ ጊዜ ላየው፣ ከዚያም ኮምቦልቻ ወርጄ እማን ላቅፋት ነበር። ግን የቀሩት አሥራ ሦስት ልጆች እዚህ ናቸው፣ እንጀራዬም እዚህ ነው። «ይሰርዙት» አልኩት። መኮንኑ ካርዱን በመቀስ ቆረጠው።

ለሳህራ ከሌላ ከመስማቷ በፊት ራሴ ነገርኳት። ከግቢዬ ውጪ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ሃያ ስምንት? ማሻአላህ! ገና ትወልጃለሽ!» አለችና በሦስተኛው ቀን ሚስት የሞተችበት የአጎቷን ልጅ ሻይ ጠራችብኝ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ትጋብዘዋለች፣ እኔም በየጁምዓው ያመኛል።

ሃያትን ለሙከራው ጋሽ ኑሩ በዚያው መኪና ወሰዳት። እርማቱን ከትምህርት ቤት ወረቀቷ ጋር በፕላስቲክ አድርጌ ደረቷ ውስጥ ከተትኩላት። ከድጃ አላለቀሰችም፤ ልጇን ትታ የኔን ሻሽ አስተካከለችልኝና «ዋሽተሽኝ ነበር አንቺ ሕፃን» አለችኝ። ሃያት በመስኮት ብቅ ብላ «ኤዶ» ካለች በኋላ ቆም አለች፤ «ኤዶ ልበልሽ ወይስ ሰዓዳ?» ልትለኝ ፈልጋ ይመስለኛል። መኪናው ቀድሞ ተነሣ።

ስልኩ የተደወለ ዕለት ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሁለቱም እጄ በሂና ተነክሯል። ሳህራ ጸጉሯን ልትሠራ መጥታ ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ኤዶ! የካምፑ በር ላይ ቆሜያለሁ! ስሜ አለ፣ አሥራ ዘጠነኛ!»

ጸጉር ቤቱ ውስጥ እልል አልኩ፤ ደንበኛዋ ደንግጣ እጇን ስትሰበስብ ሂናው ቀሚሷ ላይ ሄደ። «ለእናትሽ ደውለሻል?» «ደውዬላታለሁ፣ አለቀሰች።» «ሁሉንም አንብቢልኝ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ከአንደኛው ጀምረሽ።»

እየተደናቀፈች አነበበችልኝ። የማላውቃቸው ስሞች ናቸው፣ የልጆች ስሞች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ የራሷን ጮኻ አነበበችና ሳቀች። ሃያ፣ ሃያ አንድ እያልኩ አብሬያት ቆጠርኩ።

«ሃያ አምስት። አለቀ» አለች።

የኔ ስም እንደማይኖር ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

«ሃያትዬ፣ እስቲ የወረቀቱን ጫፍ አንሺና ከሥሩ እዪልኝ» አልኳት።

«ምን ልይልሽ?»

ሳህራ ስልኩን እንደያዘች ታየኛለች፣ እጄ ላይ ያለው ሂና መድረቅ ጀምሯል። ሃያት አሁንም ድሬ በሩ ላይ ቆማ «ኤዶ፣ ምን ልይልሽ?» ትለኛለች።