ከአራተኛው ገንዳ የጎደሉት ዓሦች

ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ጋሽ ውሃ ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ የቧንቧ መፍቻውን ይዞ በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት በር ላይ ሲቆም ነው። የሚያፈስ ቧንቧ አለ ተብሎ ተጠርቶ ነበር። በሩን ገርበብ ሲያደርገው አንድ ትልቅ ድስት እሳት ላይ ተረስቶ የሚንተከተክ መሰለው። ድስት ግን አልነበረም። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የመስታወት ገንዳዎች ናቸው፤ በየገንዳው አየር የሚተፋ ቀጭን ቱቦ፣ በውስጣቸውም ጎናቸው በሰማያዊ መስመር የተሰመረ፣ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች። ቧንቧውን ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ዋለ። በሳምንቱ ሌላ ቧንቧ አፈሰሰ፤ በወሩም ሌላ። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር፣ አንተን ከማመላለስ እዚሁ ማስቀመጥ ይቀላል አሉትና የዓሦቹ ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው፤ እጅጌው ደርቆ አያውቅምና። ሥራው በቀን ሦስት ጊዜ ማብላት፣ ገንዳ ማጠብና በየጠዋቱ የሞተውን ዓሣ በመዝገብ ማስፈር ነበር። ሚስቱ ስለ ባሏ ሥራ ሲጠይቋት፣ ሰው የሚታለብ ያረባል፣ የኔው ጉድ የማይበላ የማይሸጥ ዓሣ ይቀልባል ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ሁለት ረጃጅም ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ጠሩት። በአንዱ ከሰው ጂኖም፣ በሌላው ከዓሣዋ ጂኖም የተወሰደ ቁራጭ ታትሟል፤ አራት ፊደላት ብቻ እየተመላለሱ የሞሉት ጽሑፍ። ጂኖም ማለት አካል የሚሠራበት ሙሉ መመሪያ ነው፣ ጂን ደግሞ እንደ አንድ ምዕራፍ ቁጠረው አሉት። ከሰው ምዕራፎች ከመቶ ሰባ ያህሉ በዚህች ዓሣ ውስጥ አቻ አላቸው፤ ስለዚህ በሰው ላይ የማንሞክረውን በእሷ እናነባለን። ጋሽ ውሃ ይህን ወሬ እንደ ትኩስ ዳቦ ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አዳምጣ ስትጨርስ፣ “አንተ እንኳ ከሰባ ትበልጣለህ፤ ስታኮርፍ መቶ ነህ” አለችው።

አንድ ልማድ ነበረው። ደክሞት ከገንዳው ሥር የተኛ ዓሣ ሲያይ አያስችለውም፤ ብርቱዎቹ እየነከሱ ይጨርሱታላ። በመረብ ቀስ ብሎ ያወጣና ከበሩ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ገንዳ ያዛውረዋል። “ማገገሚያ” ነው የሚላት። በወንፊት ከፋፍሏት፣ በየክፍሉ ላይ ዓሣው የመጣበትን ገንዳ ቁጥር በእርሳስ ጽፏል። ፕሮፌሰሩ አይተው፣ አንተስ ሐኪም መሆን ነበረብህ ብለው አመስግነውታል። መዝገቡ የሚጠይቀው ግን የሞተውን ብቻ ነው። እነዚህ አልሞቱምና አልጻፋቸውም። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጡ፤ ልማዱ ግን ከጋሽ ውሃ ጋር ቀረ።

ከሦስት ዓመት በፊት ወጣቷ ተመራማሪ መጣች። እሷ “ጋሼ” ትለዋለች፣ እሱ “ልጄ” ይላታል። የያዘችው ነገር ከባድ ነበር። ባንድ ቤት ውስጥ አባትና ሁለት ልጆች ልባቸው እየደከመ ታመዋል፤ በሦስቱም አንድ ጂን ተበላሽቶ ተገኝቷል። ያው ብልሽት ገና ባልታመመችው በአራት ዓመቷ ታናሻቸው ላይም አለ። ጥፋተኛው ይህ ጂን ከሆነ ሐኪሞቹ ሕፃኗን ከአሁኑ ይከታተሏታል፤ ካልሆነ ሌላ ይፈለጋል። ተመራማሪዋ በአራተኛው ገንዳ ዓሦች ላይ የዚያኑ ጂን አቻ አበላሽታ ልባቸው ይደክም እንደሆነ ትጠብቅ ጀመር። ዓሣውን አንድ በአንድ የሚቆጥር የለም። ከተፈለፈለው ላይ የሞተው ይቀነስና የተረፈው ጤነኛ ይባላል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወርዳ አጠገቡ ቆመች። አራተኛው ገንዳ ሊዘጋ ነው አለችው። ዓሦቹ እንደ ልባቸው ይዋኛሉ፤ የሞተም የለም። ድሮ ድሮ የዓሣዋ ጂኖም እጥፍ ሆኖ ስለነበር ብዙ ጂኖች ሁለት ሁለት ሆነው ቀርተዋል፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው ሳይሸፍን አልቀረም። “መለዋወጫ አላት ጋሼ” አለችው። “የሰው ልጅ ግን የለውም።” ሰኞ በስብሰባ ላይ፣ ከዓሣዋ ምንም አልተገኘም ብላ ልታቀርብ ነው።

ጋሽ ውሃ የቧንቧ ሰው ነውና መለዋወጫ ምን እንደሆነ ያውቃል። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ወደ በሩ ጀርባ ሄደና እዚያው ቀረ።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ የምስጋና ወረቀት ተዘጋጅቶለታል። የሦስት ዓመት ሥራ አበላሽቶ ከሆነ በምን ፊቱ ይቀበላል? ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኸው ነው አለች። ቢላዋውን ስታስቀምጥ ግን ድምጿ ዝግ ብሎ ነበር። “ነገ ሄደህ ንገራት። ወረቀቱን እንደሆነ መስቀያም የለን።”

ዓርብ ጠዋት ዓሦቹን አብልቶ ደረጃውን ወጣ። ተመራማሪዋ ቢሮዋ ተቀምጣ የሰኞውን ጽሑፍ ትጽፋለች። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ሥር ቆመ።

“ልጄ፣ መለዋወጫ ይኑራት አይኑራት አላውቅም። የታመሙት ግን እኔ ጋ ናቸው።”

“ምን ማለት ነው እርስዎ ጋ?”

ስለ ማገገሚያዋ፣ ስለ ወንፊቱ፣ በእርሳስ ስለጻፈው ቁጥር አንድም ሳያስቀር ነገራት። መዝገቡ የሞተ ብቻ ስለሚጠይቅ እንዳልጻፋቸውም ጨመረ። እሷ እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች።

“ስንት ናቸው?”

“ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ አንዱ ከአራተኛው ነው።”

“ስድስቱስ?”

“ከቀሩት አሥራ ዘጠኝ ገንዳዎች።”

ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፈች።

“በሕይወት አሉ?”

“ጠዋት አብልቻቸው ነው የመጣሁት። ይበላሉ፣ ግን ቶሎ ይደክማቸዋል።”

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለስብሰባውም ራሴ ቀርቤ እናገራለሁ ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ጃኬቷን ወንበሩ ላይ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ እንደተወች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው በአጠገቡ አልፋ ወደ ምድር ቤቱ፣ ወደ ማገገሚያዋ ወረደች።