ሴትዮዋ የታለች?

ትናንት አንዱ ጠገራ ብር ከልጄ እጅ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ድምፁ መጀመሪያ ጥርት ይላል፤ ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። ልጄ ሰሞኑን ከደመወዟ እየቀነሰች ብር ልትገዛ አስባለች፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው። ከየት ልጀምር ብላ ነው ጠገራዎቼ ያሉበትን ሳጥን ያስከፈተችኝ።

እኔ የጀመርኩት በሃያ ዓመቴ ነው፤ ጎንደር፣ በደርግ ጊዜ። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የብሩ ኖት በአዲስ ሲቀየር እናታችን ፍራሽ ውስጥ ሰፍታ ያስቀመጠችውን ሳታወጣ ቀኑ አለፈባት። አላለቀሰችም፤ ፍራሹን መልሳ ሰፋችው። በዓመቱ እሷም ሞተችና እኔና ታናሽ ወንድሜ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ማመን አቃተኝ።

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ጨውና ቅመም የሚሸጡ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሱቃቸው ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጨው ከረጢቱ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ከገጠር የሚመጣላቸውን ጠገራ ለሚያምኑት ሰው በድብቅ ይሸጡ ነበር። እኔም ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር አንድ እገዛለሁ። መጀመሪያ ቀን አንዱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ ጠገራው ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ትከሻ በጥፍራቸው አሳዩኝ። ጌጧ ላይ ዘጠኝ ዕንቁ ካልቆጠርሽ እንዳትገዢ፣ ድንጋይ ላይ ጥለሽ ድምፁን ስሚ፣ አትፈትጊው፣ አትብሺው አሉኝ።

«ልጄ፣ ሰዉ የሚያምነው ብሩን አይደለም፤ ሴትዮዋን ነው። ፊቷን አትንኪባት።»

ዕንቁ መቁጠር የኔ፣ መስማት የወንድሜ ሥራ ሆነ። ተማሪ ነበር፤ ቀልድ ይወዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ እኔ የእናታችን ወፍጮ ድንጋይ ላይ ጠገራውን እጥላለሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቅና እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሀቀኛ ናት» ይላል። አንድም ቀን ሐሰተኛ አግኝተን አናውቅም። እሱ ሳይፈርድላት ግን ሳጥን የምትገባ አልነበረችም።

ኋላ የቤት ፍተሻ መጣ። ጎረቤታችን ማሰሮ ውስጥ ጠገራ ተገኘብሽ ተብላ ሦስት ቀን ታስራ ተመለሰች። ፈራሁ። እስከዚያ ያጠራቀምኩትን አሥር ጠገራ ወሰድኩና ለአንጥረኛ ሰጠሁት፤ አቅልጦ ትልቅ የአንገት መስቀልና ጥንድ አምባር ሠራልኝ። አንገቴ ላይ ስላለ መስቀል ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ጓደኞች አንድ በአንድ መወሰድ ጀመሩ። ሐጂ በሳንጃ በኩል ወደ ሱዳን የሚያሻግር ሰው አገኙልን። ሰውየው ማክሰኞ በቀትር ቤታችን መጣ። የሚፈልገው አሥር ጠገራ ነው፤ በረሃው ውስጥ ወረቀት የሚቀበል የለም። መስቀሉንና አምባሮቹን ፊቱ ዘረጋሁለት። አንሥቶ አገላበጣቸው።

«ሸጋ ሥራ ነው» አለ። «ግና ሴትዮዋ የታለች፣ እቴ?»

ከአሥር ጠገራ የተሠራ ነው ብዬ ማልሁለት። ክፉ ሰው አልነበረም። አንጥረኛ መዳብ ይቀላቅላል፣ እኔ ባምንሽ እንኳ በረሃ ያሉት አያምኑኝም አለ። ረቡዕ ማለዳ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳል፤ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው። ወንድሜ ሐፍረቴን አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ሳምንት ምን አላት አለኝ።

ሐጂ ጌጦቹን በሚዛን ተቀብለው እስከ ቅዳሜ ጠገራ ሊያፈላልጉልኝ ቃል ገቡ። ሐሙስ ከሰዓት ወንድሜን ወሰዱት።

ቅዳሜ ሐጂ ዘንድ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ቅዳሜ ነበርና ሄድኩ። አሥሩን ጠገራ በጨርቅ ቋጥረው ጠበቁኝ። ጌጦቹ በሚዛን ያወጡት ስምንት ነበር፤ ሁለቱን ከራሳቸው ጨምረዋል። ነገርኳቸው። ጨርቁን ልመልስላቸው ብል እጄን ቀስ አድርገው ገፉት።

እስር ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ይዤ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ጠዋት አገልግሉን እንዳለ መለሱልኝና ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ ስጽፍ ዋልኩ። አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቁ ግን እንደ ደነዘዘ እግር ነው፣ እንዳለ ይታወቀኛል እንጂ አያመኝም። አሥሩ ጠገራ ማንም ሳይፈርድላቸው ሳጥን ገቡ።

ልጄ የወደቀውን አነሣችና አሁን ደግሞ ሆን ብላ ጣለችው፤ ድምፁ ደስ ብሏት ነው። ጥርት አለ፤ ቀጠነ፤ ጠፋ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ መቆየቴን ራሴም አላወቅኩም።

«እማዬ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ሀቀኛ ናት» አልኳት።